የማህፀን ቱቦዬን መቁረጣቸው ግድ ነበር? ሰባት ሳምንት ሆነኝ፣ ጥያቄው አልለቀቀኝም (ሐዋሳ)

ሐይቅዳር | ኅዳር 6፣ ከሌሊቱ 7:20

ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን የሰው ሳነብ ብቻ ነበር፤ ስጽፍ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ተኝቷል። እኔ ይኸው ሰባት ሳምንት ሙሉ በዚህ ሰዓት ዓይኔ ፈጥጦ አንዱን ነገር ሳገላብጥ ይነጋል።

የደመራ ዕለት ነው። ለመስቀል የሚሆን ቅቤ እያነጠርኩ ነበር። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጎኔን ሲወጋኝ ሰፈራችን ካለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ጨጓራ ነው» ተብዬ ኪኒን ይዤ ተመልሻለሁ። የወር አበባዬ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ጠቆር ያለ ደም ጠብ ጠብ ሲል መጣ ብዬ ተውኩት፤ ማርገዜን አላወቅኩም። ወደ 10 ሰዓት ግድም ቀኝ ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ብጥስ ያለ መሰለኝ። ቀጥሎ ትከሻዬን አመመኝ። ሆዴን እየታመምኩ ትከሻዬ ምን ሆነ እያልኩ ሽንት ቤት ገባሁ፣ ስነሳ ወደቅኩ። ባለቤቴ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝ። መንገዱ ነጭ በለበሰ ሰው ጢም ብሏል፤ ሾፌሩ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ ጡሩምባ እየነፋ በውስጥ ለውስጥ አደረሰን።

የደም ግፊቴ 80 በ50 ነበር። በአልትራሳውንድ አዩኝና አንድ ወጣት ሐኪም «እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ነው፣ ቱቦው ፈንድቷል፣ ሆድሽ ውስጥ ደም አለ፣ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን መግባት አለብሽ» አለኝ። ባለቤቴ ፈረመ። እኔም የፈረምኩ ይመስለኛል፤ እስክርቢቶውን አስታውሳለሁ፣ ወረቀቱን አላስታውስም። ስነቃ ከእምብርቴ በታች ተሰፍቻለሁ፣ ደም ተሰቅሎልኛል፣ ቀኝ ቱቦዬ የለም።

በሕይወት ስላለሁ አመሰግናለሁ፣ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ግን ሰዉ አላስቀምጥ አለኝ። ፋርማሲ የምትሠራ ዘመዴ «ይሄ እኮ በመርፌ ይሟሟል፣ ለምን ቢላ ገባሽ» አለችኝ። አማቴ «ትንሽ ብትታገሺ ወደ ቦታው ይመለስ ነበር» አሉ። ጎረቤቴ «ወጣት ሐኪም ከሆነ ተማረብሽ» አለችኝ። አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። ሌሊት ግን ሦስቱም አብረው ይናገሩኛል።

ሌላም አለ። አራስ አይደለሁም፤ ገንፎ ያገነፋልኝ፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለኝ የለም። ሐዘንተኛም አይደለሁም፤ ለቅሶ የደረሰኝ፣ ንፍሮ ይዞ የመጣ የለም። «ምን ሆነሽ ነበር?» ሲሉኝ «አሞኝ ነበር» እላለሁ። የሆነው ግን እሱ ብቻ ነው?

እባካችሁ የምታውቁ ካላችሁ፦ መርፌው ይበቃ ነበር? ቱቦውን ከፍቶ ፅንሱን ብቻ አውጥቶ መስፋት አይቻልም ነበር? ገና 28 ዓመቴ ነው፣ ልጅ የለኝም።

እናትዓለም | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 12:45

ልጄ፣ እኔ እንደ እናትሽ ነኝ፣ ስለ መርፌው ለሚያውቁት ልተውላቸው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለሽ ከሌለ እኔ ልበልሽ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እናቴ ስድስት ልጆች ነበሯት፤ ሰባተኛው ላይ እንዳንቺው ጎኗን ይዛ አደረች፣ ጠዋት አልተነሳችም። «ወገቧን ቆርጧት ሞተች» ነው የተባለው። ያረፈችው በ1960ዎቹ ከይርጋለም ወጣ ያለ ገጠር ነው፤ የሚወስዳት መኪና አልነበረም። ምን እንደገደላት የገባኝ አንቺ የጻፍሽውን ዛሬ ሳነብ ነው።

ያገሬሰው | ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 3:10

ዘንድሮ ሁሉም ነገር ኦፕራሲዮን ሆኗል። የአክስቴን ልጅ በአልትራሳውንድ አይተው «ማህፀንሽ ውስጥ ምንም የለም፣ ውጭ ሊሆን ይችላል» አሏት። ፈርታ ሳትመለስ ቀረች፣ ጸበል ገባች። ዛሬ ልጁ አንደኛ ክፍል ነው። ስለዚህ አማትሽ ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም።

ሲስተር_ዘ | ኅዳር 6፣ ከቀኑ 7:30

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ማዋለጃ ክፍል የሠራሁት አሥራ አንድ ዓመት ነው። በምሳ ሰዓት ስለሆነ የምጽፈው ቅደም ተከተሉ ቢዘበራረቅ ይቅርታ።

መጀመሪያ ወንድሜ ያገሬሰው፣ ልጁ ይደግላችሁ፣ ታሪኩንም አምናለሁ። ግን ልብ በል፣ «ማህፀን ውስጥ አላየሁም» እና «ቱቦ ውስጥ አየሁ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እርግዝና አምስት ሳምንት ገደማ ሳይሞላው በአልትራሳውንድ ማህፀን ውስጥ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ስትሆን ሴትዮዋ በ48 ሰዓት ልዩነት ደም ሰጥታ የእርግዝና ሆርሞኑ እንዴት እንደሚጨምር ይታያል፣ ከሳምንት በኋላም ምስሉ ይደገማል። የአክስትህ ልጅ እርግዝና ከመጀመሪያውም ቦታው ላይ ነበር፣ ገና አልታየም እንጂ። ቱቦ ውስጥ የተተከለ ፅንስ ወደ ማህፀን አይመለስም። አንስቶ የሚያዛውር ሐኪምም በዓለም ላይ የለም። ይህን አጥብቄ የምናገረው «ልታገስ» ብላ ቤቷ የቀረች እህት ስለተቀበልኩ ነው፤ አልተረፈችም።

እህቴ ሐይቅዳር፣ አሁን ወዳንቺ። ከማህፀን ውጭ ከሚያዙት እርግዝናዎች ከመቶ ከዘጠና የሚበልጡት ቱቦ ላይ ናቸው። ቱቦ እንደ ማህፀን አይለጠጥም፤ ፅንሱ ሲያድግ ግድግዳውን ይበላና ይቀደዳል። ትከሻሽን ያመመሽ ሆድሽ ውስጥ የፈሰሰው ደም ሳንባና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካው ነው፤ የዚያ ነርቭ ሕመሙን ትከሻ ላይ ያሰማል። ትከሻሽ ታሞ፣ ወድቀሽ፣ ግፊትሽ 80 በ50 ሆኖ ከደረስሽ መርፌው የሚታሰብበት ሰዓት አልፏል።

ዘመድሽ የምትለው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት ነው፤ አልዋሸችም፣ አለ። የሚሰጠው ግን ቱቦው ላልፈነዳ፣ ግፊቷ ላልወረደ፣ የፅንሱ ልብ መምታት ላልጀመረ፣ የሆርሞኑ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ5000 በታች ለሆነ ሴት ነው። መርፌውን ወስዳም በ4ኛው ቀንና በ7ኛው ቀን ደም ሰጥታ ሆርሞኑ ቢያንስ በ15 በመቶ መውረዱ ይረጋገጣል፤ ከዚያም ዜሮ እስኪገባ በየሳምንቱ። የፈነዳ ቱቦ ላይ መርፌ መስጠት እየነደደ ያለ ቤት በር ላይ ቁልፍ እንደመፈለግ ነው። ደሙን አያቆምም።

ቱቦውን ከፍቶ አውጥቶ መተው፣ እሱም አለ፤ ላልፈነዳ ወይም ትንሽ ለተጎዳ ቱቦ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። በፈረንጆች 2014 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት ነበር። ሌላኛው ቱቧቸው ጤነኛ የሆነ ከ400 በላይ ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ለግማሾቹ ቱቦው ወጣ፣ ለግማሾቹ ቱቦው ተርፎ ፅንሱ ብቻ ወጣ። በሦስት ዓመት ውስጥ ያለ ሌላ እርዳታ ያረገዙት ቱቧቸው ከተረፈላቸው 61 በመቶ ያህሉ፣ ከወጣላቸው ደግሞ 56 በመቶ ያህሉ ሆኑ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ተባለ። ቱቧቸው ከተረፈላቸው ውስጥ ግን ጥቂቶቹ ላይ የፅንሱ ቅሪት ቀርቶ እንደገና መታከም ነበረባቸው። ስለዚህ ቱቦሽ ቢተርፍ ኖሮ እናት የመሆን ዕድልሽ እጥፍ ይሆን ነበር ማለት አይደለም። የግራው ቱቦ የቀኙ እንቁልጢ የጣለውን እንቁላል አንዳንዴ ተሻግሮ ይቀበላል፤ ይህን ስናገር ሴቶች አያምኑኝም፣ እውነት ነው።

«ወጣት ሐኪም» ለሚሉሽ ደግሞ፦ ይህ ኦፕራሲዮን በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው በፈረንጆች 1883 ነው፣ ሎውሰን ቴት በሚባል የእንግሊዝ ሐኪም እጅ። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እንዲህ ያለች ሴት ዘንድ ተጠርቶ ሆድ ለመክፈት ፈራ፤ ሴትዮዋ ሞተች። በዚህ በሽታ ላይ የሚገድለው ማመንታት እንደሆነ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። እኛም አገር ከፈረንጆች 2009 ጀምሮ ከጤና መኮንኖች መካከል ለድንገተኛ ቀዶ ጥገና የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች አሉ። ዕድሜያቸው ትንሽ ይሆናል፤ ይህን ሥራ ግን ሌት ተቀን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ከጻፍሽው ተነስቼ ነው። ሆድሽ ተከፍቶ የታየውን እኔ አላየሁም። ያየው ሰው ጽፎታል። ካርድሽ ውስጥ የኦፕራሲዮን ማስታወሻ የሚባል ወረቀት አለ፤ ስንት ደም እንደተገኘ፣ የትኛው ቱቦ፣ የቱ ጋ እንደተቀደደ፣ ሌላኛው ቱቦና እንቁልጢዎቹ እንዴት እንደነበሩ ይጻፍበታል። ሄደሽ «አንብቡልኝ» በይ። መብትሽ ነው፣ ማንንም መክሰስ አይደለም። የደም ዓይነትሽንም ጠይቂ፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ሾተላይ እንዳይመጣ አንቲ-ዲ መርፌ ተሰጥቶሽ እንደሆነ ይነገርሽ።

ያገሬሰው | ኅዳር 6፣ ከቀኑ 9:05

ሲስተር፣ ይህን ልዩነት አላውቅም ነበር። እህቴ ሐይቅዳር፣ በሰው ቁስል ላይ ስለተናገርኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለአክስቴም እነግራታለሁ፤ ለሰው ሁሉ «ታገሱ» እያለች ነው የምትመክረው።

አዳማዋ | ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 3:40

እኔ የአንቺ ተቃራኒ ነኝ፣ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። እኔ መርፌውን ያገኘሁ ነኝ። ሳይፈነዳ ነው የታወቀው፤ ሆርሞኔ 1800፣ እብጠቱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ የልብ ምት የለም። የሆርሞኑን መጠን በቁጥር የሚያወጣ ላቦራቶሪ በየሰፈሩ ስለሌለ በየጊዜው አዲስ አበባ እየተመላለስኩ ደም ሰጠሁ። በ7ኛው ቀን መውረድ ሲገባው ባለበት ቆመ፣ ሁለተኛ መርፌ ተሰጠኝ። በ11ኛው ቀን እዚህ ቤቴ ውስጥ ፈነዳ። ቱቦዬም ወጣ።

እና ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስል እንደኖርኩ ታውቂያለሽ? «ምነው መጀመሪያውኑ ኦፕራሲዮን ባደረጉኝ! ያ ሁሉ ቀን በፍርሃት ባላለፈ!» አንቺ ስለ መርፌው ታለቅሻለሽ፣ እኔ ስለ ቢላው። ጽሑፍሽን አንብቤ ስጨርስ ለባለቤቴ አሳየሁት፤ «ሁለታችሁ ብትቀያየሩም ያው ነበር የምታለቅሱት» አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩበት። ከዚያ አሰብኩት፤ ያለቀስኩት ለልጄ ነው መሰለኝ። ስለ ኦፕራሲዮኑ መጨቃጨቅ ግን ይቀላል፤ ቢያንስ የሚወቀስ ሰው አለው።

አምና በጥር ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ በቀረኝ አንድ ቱቦ። ይህን የምነግርሽ እንድትጽናኚ ነው እንጂ አንቺም ትወልጃለሽ ለማለት ሥልጣኑ የለኝም።

የቤቱ_አባወራ | ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 2:15

ወንድ ነኝ፤ ልጽፍ ወይስ ልተው እያልኩ ሁለት ቀን አሰብኩ። ባለቤቴ እንዳንቺው ሆና ነበር፣ ከሻሸመኔ በሪፈር ሐዋሳ መጥተን። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። «ቱቦው ሊወጣ ይችላል» የሚል ነበረበት። ሳላማክራት ፈረምኩ፣ ራሷን ስታለች። ደም ባንክ ሄጄ ምትክ ደም ሰጠሁ፤ ክንዴ ላይ መርፌው እያለ የማስበው ፊርማዬን ነበር።

እስከዛሬ ያልነገርኳት ነገር ነው። እሷ ለምን ቆረጡኝ ስትል እኔ ዝም እላለሁ፤ ዝም የምለው ስለማይገባኝ ይመስላታል። ባለቤትሽ ተኝቷል ብለሻል። ምናልባት ተኝቶ ይሆናል። አንድ ቀን ግን ስለዚያች ፊርማ ጠይቂው።

ዝምታ | ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 4:50

ከወለዱት ብቻ እንዳትሰሚ ብዬ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ሆኖብኛል፣ በሦስት ዓመት ልዩነት፣ ሁለቱም ቱቦዎቼ የሉም። የመጀመሪያው ላይ «ለሚቀጥለው ሲዘገይብሽ ቶሎ ነይ» ያለኝ ሰው አልነበረም። አንዴ የደረሰባት ሴት ከአሥሩ አንዷ ያህል ሊደገምባት እንደሚችል ያወቅኩት ከሁለተኛው በኋላ ነው። ስለዚህ ሐይቅዳር፣ የወር አበባሽ ከቀረ ቀን አትቁጠሪ፣ በስድስተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ተነሺ፤ ቦታው ላይ መሆኑ ይታይልሽ።

አሁን አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተራ ይዣለሁ። 36 ዓመቴ ነው። ይሳካል አይሳካም ምንም ማለት አልችልም። በሕይወት መትረፌን ግን ከዚህ ጋር አላያይዘውም። ብወልድም ባልወልድም መኖሬ ለራሱ ነው። እዚህ ለመድረስ ጊዜ ወስዶብኛል፤ አንቺ ገና ሰባት ሳምንትሽ ነው፣ አትቸኩይ።

ሐይቅዳር | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 2:30

ስላልመለስኩላችሁ ይቅርታ። እያንዳንዳችሁን ደጋግሜ አንብቤያችኋለሁ። እትዬ እናትዓለም፣ የእርስዎን ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ እናትዎን ነፍስ ይማር።

ሄድኩ። ካርድ ክፍል መጀመሪያ «ለታካሚ አይሰጥም» አሉኝ። «ይዤ ልሂድ አላልኩም፣ ይነበብልኝ ነው ያልኩት» ስል አንዷ ልጅ ራሷ ተነስታ ፈልጋ አመጣችልኝ። የማህፀን ሐኪሟ፣ ያን ቀን ያየኝ ሐኪም አይደለችም፣ አሥር ደቂቃ ሰጠችኝ። ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፤ እኔ ደብተር ላይ ጻፍኩ።

ሆዴ ውስጥ 1500 ሚሊ ሊትር ደም ነበር። «ሊትር ተኩል!» ብዬ ስጮህ አዎ አለችኝ። ቱቦው የተቀደደው ለማህፀን በቀረበው ቀጭን ክፍሉ ላይ ነው፣ እየፈሰሰ ነበር፣ ለመስፋት የሚሆን ጤነኛ አካል አልነበረም። ሁለት ከረጢት ደም ሰጥተውኛል። የደም ዓይነቴ ፖዚቲቭ ስለሆነ አንቲ-ዲ መርፌው አያስፈልገኝም። ኦፕራሲዮኑ ከደረስኩ በ40 ደቂቃ ውስጥ ተጀምሯል። እኔ ለዚያ ሐኪም «ቸኮለብኝ» ስል ነበር።

አማቴን ቁጭ አድርጌ ደብተሩን አነበብኩላቸው። ሊትር ተኩል ያልኩ ጊዜ የውሃ ጆግ አነሱና ዓይተው አስቀመጡት። ምንም አላሉም። በማግስቱ ጠዋት ገንፎ አገንፍተው መጡ።

ባለቤቴንም ስለ ፊርማው ጠየቅኩት። እሱን እዚህ አልጽፈውም። ወንድሜ የቤቱ አባወራ፣ አመሰግንሃለሁ።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። ማስታወሻው ላይ «በግራ ቱቦ ዙሪያ ቀጫጭን መጣበቅ ታይቷል» ይላል። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሐኪሟ «ኢንፌክሽን ኖሮብሽ ያውቃል?» ስትለኝ አፈርኩ፣ አይ አልኳት። ሲስተር፣ ይህ ማለት ባሌ የሆነ ነገር አምጥቶብኛል ማለት ነው?

ሲስተር_ዘ | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 5:10

ተረኛ ነኝ፣ አሁን ፋታ አገኘሁ። አይደለም፣ ከዚያ አትነሺ። ክላሚዲያ የሚባለው ኢንፌክሽን ያለ ምንም ምልክት ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል፤ ከማን መቼ እንደመጣ ከወረቀት ማንበብ አይቻልም። ከዚያም በላይ መጣበቅ የሚመጣው ከእሱ ብቻ አይደለም። ሆድሽ ከዚህ በፊት ተከፍቶ ያውቃል? ትርፍ አንጀት?

ሐይቅዳር | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 5:18

ትርፍ አንጀት። የ11 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ፈንድቶብኝ፣ ሦስት ሳምንት ተኝቻለሁ። ስፌቱ እኮ አሁንም ቀኝ ጎኔ ላይ አለ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እኔም አገናኝቼው አላውቅም።

ሲስተር_ዘ | ኅዳር 19፣ ከምሽቱ 5:31

የፈነዳ ትርፍ አንጀት ሆድ ውስጥ መግል ይረጫል፤ ሲድን ጠባሳው ጎረቤት ያለውን ሁሉ ያጣብቃል፣ ቱቦንም ጭምር። ብቸኛው ምክንያት እሱ ነው ብዬ አልምልም፤ ለሐኪምሽ ግን ዛሬ የጻፍሽውን በቃልሽ ንገሪያት፣ ካርድሽ ላይ ትጻፈው። ቀጭን መጣበቅ ማለት ተዘግቷል ማለት አይደለም። ክፍት መሆኑ የሚታየው በማህፀን በኩል ቀለም ተከትቶ በሚነሳ ራጅ ነው። የወር አበባሽ ካበቃ በኋላ፣ እንቁላል ሳይወጣ ባሉት ቀናት ይሠራል። ባለቤትሽም የዘር ፈሳሹን ይመርመር፤ ቀላሉን አስቀድሙት። ቀጠሮ አስይዣለሁ ካለችሽ አትፍሪ።

ሐይቅዳር | ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 1:05

ቀጠሮው ለታኅሣሥ 21 ነው፣ ከገብርኤል ሁለት ቀን በኋላ። ያማል? ብቻዬን መሄድ እችላለሁ? ትናንት ማታ ከ6 ሰዓት እስከ 12 ተኝቻለሁ።

አዳማዋ | ኅዳር 20፣ ከጠዋቱ 1:40

ያማል፣ አልዋሽሽም፤ ቀለሙ ሲገባ እንደ ከባድ የወር አበባ ቁርጠት፣ ግን ደቂቃዎች ነው። ከአንድ ሰዓት በፊት የምትውጪውን ማስታገሻ ሐኪሟን ጠይቂያት። ሞዴስ ያዢ፣ ቀለሙ ይፈሳል። ጠቆር ያለ ቀሚስ ልበሺ። ብቻሽን አትሂጂ። ባልሽ ሥራ ከሆነ ንገሪኝ፣ ከአዳማ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ፤ ሐይቁንም ካየሁት ቆየሁ።